ሠዓሊው የባሕር ሰርጓጅ መሐንዲስ፦ ሮበርት ፉልተን

ባሕርን የሚሥሉ ሠዓሊዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የሣሉት ከውሃ በላይ የሚታየውን ብቻ ነበር። በነፋስ የተወጠረ ሸራ፣ ከፍ ያለ ምሰሶ፣ የመድፍ ጭስ፣ የማዕበል አረፋ፣ ሰንደቅ ዓላማውን የሰቀለ የጦር መርከብ የሥራቸው መነሻና መድረሻ ነበር። ከውሃው በታች ያለውን ዓይን ስለማያየው ብሩሽም አልደረሰበትም። ይህን ልማድ ከጣሱት ሰዎች መካከል አሜሪካዊው ሮበርት ፉልተን ግንባር ቀደሙ ነው። ብዙ ሰው ፉልተንን የሚያውቀው በእንፋሎት መርከቡ ነው። ዳሩ ግን ከዚያ አስቀድሞ ሠዓሊ፣ ቀጥሎም የሰርጓጅ መርከብ ሠሪ እንደነበረ የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። የሠራት ሰርጓጅ መርከብ እርሱ ገና በሕይወት ሳለ ፈርሳ ቀርታለች። ዛሬ መልኳን ለማወቅ የቻልነው የሠሪዋ እጅ የሥዕል ሙያ የተማረ ስለነበረ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንፈልጋለን።

ልጅነቱና የሥዕል ሙያው

ሮበርት ፉልተን በኖቬምበር 14 ቀን 1765 በሰሜን አሜሪካ፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ በላንካስተር አውራጃ በሚገኝ አንድ የእርሻ ቦታ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱ ልጆቿን ያሳደገችው በብዙ ችግር ነው። የላንካስተር ከተማ በዚያ ዘመን በጠመንጃ ሠሪዎቿ የታወቀች ነበረች። የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት በ1775 ሲፈነዳ የ9 ዓመት ልጅ የነበረው ፉልተን በእነዚህ ባለሙያዎች ሱቅ እየዞረ ንድፍ ይሥልላቸው እንደነበረ ይነገራል።

በዚያው ጦርነት ዴቪድ ቡሽኔል የተባለ አሜሪካዊ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የእንጨት ሰርጓጅ ጀልባ ሠርቶ ኤሊ ብሎ ሰየማት። በ1776 በኒው ዮርክ ወደብ በቆመ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ሙከራ ቢደረግባትም ውጤት አላስገኘችም። ቡሽኔል ስለ ሥራው በጽሑፍ ገለጻ ትቷል፤ ከእጁ የተረፈ ሥዕል ግን የለም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1875፣ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የቀረውን ገለጻ ተመርኩዞ ጀልባይቱን በግምት ሣላት። ያ የግምት ሥዕል በየመጻሕፍቱ እየታተመ፣ እውነተኛዋ ኤሊ ይህች ናት እየተባለ ብዙ ዘመን ኖሯል። ነገር ግን ከቡሽኔል ቃል ጋር የማይስማማባቸው ቦታዎች እንዳሉት አዋቂዎች ደርሰውበታል። ሠሪው ራሱ ያልሣለው ነገር በሌላ ሰው ግምት ላይ እንደሚወድቅ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የፉልተን ዕጣ ግን ከቡሽኔል የተለየ ሆነ።

ፉልተን ለሥራ ሲደርስ ወደ ፊላደልፊያ ሄዶ በአንድ ጌጣጌጥ ሠሪ ዘንድ ሙያ መልመድ ጀመረ። በዚያም በትንሽ የዝሆን ጥርስ ላይ የሰው መልክ መሣልን ተማረ። ይህ ሥራ ጥርት ያለ ዓይንና የማይንቀጠቀጥ እጅ የሚጠይቅ ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላው በከተማው በሠዓሊነት የታወቀ ሆነ። ከዚሁ ሙያ ባጠራቀመውም ገንዘብ ለእናቱ የእርሻ መሬት ገዛላት። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ለማሻሻል ወደ ሎንዶን ተሻገረ። በሎንዶን የረዳው የፔንሲልቬኒያ ተወላጅ የሆነውና የእንግሊዝ ንጉሥ ሠዓሊ እስከ መሆን የደረሰው ቤንጃሚን ዌስት ነበር። በ1791 የፉልተን ሥዕሎች በሎንዶን የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለሕዝብ ታዩ።

ይሁን እንጂ ሥዕል ለኑሮው የሚበቃ ገቢ አላመጣለትም። ዘመኑ እንግሊዞች የውሃ ቦይ እየቆፈሩ ዕቃ በጀልባ የሚያመላልሱበት፣ ፋብሪካ የሚተክሉበት ዘመን ነበር። ፉልተንም ፊቱን ወደ ምሕንድስና መለሰ። በ1796 ስለ ቦዮች አሠራር የጻፈውን መጽሐፍ ሲያሳትም በውስጡ ያሉትን ንድፎች የሣለው ራሱ ነው። ከዚህ ጊዜ አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ብሩሹና መሐንዲሱ አልተለያዩም። አንድን መሣሪያ አስቦ ሲጨርስ አስቀድሞ ይሥለዋል፤ ሥዕሉን ያየ ሚኒስትር ወይም ባለ ገንዘብ ነገሩ የተሠራ ያህል ይታየዋል።

ናውቲለስ በፈረንሳይ

ፉልተን በ1797 ወደ ፓሪስ ተሻገረ። ፈረንሳይና እንግሊዝ በጦርነት ላይ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር መርከቦች የፈረንሳይን ወደቦች ዘግተው ንግዷን አንቀው ይዘዋል። ፉልተን በዚህ ጊዜ አንድ ሐሳብ አደረበት። ባሕር የሁሉ ሕዝብ መገበያያ መንገድ ሊሆን ሲገባው ታላላቅ የጦር መርከቦች ያላቸው መንግሥታት የግላቸው ርስት አድርገውታል። አንዲት ርካሽና የማትታይ ጀልባ ብዙ መቶ ሰውና ብዙ መድፍ የጫነ መርከብ ልታሰምጥ ከቻለች፣ ማንም መንግሥት እንዲህ ያለውን መርከብ ለመሥራት ገንዘቡን አያፈስም። የጦር መርከብ ከሌለ የባሕር ጦርነት ይቀራል፤ ባሕርም ነፃ ይሆናል። ፉልተን ይህን ከልቡ አምኖ ዕድሜውን በሙሉ ተከራክሮበታል።

በ1797 መጨረሻ ናውቲለስ የተባለች ሰርጓጅ መርከብ እንዲሠራ ለፈረንሳይ መንግሥት አመለከተ። የባሕር ኃይሉ ሹማምንት ግን አመነቱ። ከውሃ በታች ተሸሽጎ ሰውን ማጥፋት ለወታደር ክብር የማይስማማ ሥራ ሆኖ ታያቸው። ፉልተን በበኩሉ መርከበኞቹ ቢማረኩ እንደ ባሕር ወንበዴ ተቆጥረው እንዳይሰቀሉ የወታደር ማዕረግ ይሰጣቸው ብሎ ጠየቀ። ይህም ሳይፈቀድለት ቀረ።

በዚህ መካከል ኑሮውን የደጎመው ሥዕል ነው። በ1799 ፓኖራማ የተባለውን፣ ተመልካቹን ዙሪያውን የሚከብብ ታላቅ ሥዕል በፈረንሳይ አገር ለማሳየት የባለመብትነት ፈቃድ አወጣ። ሥዕሉን ለማየት የፓሪስ ሕዝብ እየከፈለ ይገባ ጀመር። በዚያ ሰፈር የሚገኝ አንድ የመተላለፊያ ገበያ እስከ ዛሬ የሚጠራው በፓኖራማዎቹ ስም ነው።

ናፖሊዮን ቦናፓርት በ1799 መጨረሻ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ለፉልተን በር ተከፈተለት። ናውቲለስ በሩዋን ከተማ ተሠርታ በጁላይ 1800 በሴን ወንዝ ላይ ተንሳፈፈች። ርዝመቷ 6 ሜትር ተኩል ያህል፣ ወርዷ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ነበር። አጥንቷ ብረት፣ ቆዳዋ የመዳብ ሉህ ነው። ከፊት ለፊቷ የመስታወት መስኮት ያለው ትንሽ ጉልላት አላት። በታችዋ ባለው ጋን ውስጥ ውሃ ሲገባ ትሰጥማለች፤ ውሃው በፓምፕ ሲወጣ ትንሳፈፋለች። ከውሃ በታች የምትሄደው ሰዎች በእጃቸው በሚያዞሩት ተሽከርካሪ ክንፍ ሲሆን፣ ከውሃ በላይ ስትሆን ደግሞ እንደ ማራገቢያ የሚከፈትና የሚታጠፍ ሸራ ነበራት። ከጉልላቱ ላይ ሹል ብረት ይወጣል። አሳቡም ይህን ብረት በጠላት መርከብ ሆድ ላይ ሰክቶ፣ በገመድ የሚጎተተውን ባሩድ የተሞላ ፈንጂ መርከቡ ሥር ማድረስ ነበር።

ፉልተን መሣሪያውን ሌላ ሰው እንዲሞክርለት አልላከም። ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር ገብቶ ጠለቀ። ሻማ እያበሩ ሲጠልቁ ሻማው አየራቸውን እንደሚጨርስ ተገነዘበ፤ ስለዚህ ብርሃን የምታስገባ ትንሽ ወፍራም መስታወት በጣሪያዋ ላይ አስገጠመ። በ1801 በብሬስት ወደብ አጠገብ እስከ 7 ሜትር ተኩል ያህል ጠልቆ አንድ ሰዓት ቆየ። በዚያው ዓመት የታመቀ አየር በመዳብ ዕቃ ውስጥ ይዞ ከ4 ሰዓት በላይ በውሃ ውስጥ ለመቆየት ቻለ። አንዲት አሮጌ ጀልባም በፈንጂ አፍርሶ አሳየ። ከወረቀት የተነሣች መርከብ ሰው ይዛ ወርዳ፣ ሰው ይዛ ተመለሰች።

በጦር ሜዳ ግን ዕድል አልቀናውም። በሴፕቴምበር 1800 በኖርማንዲ ጠረፍ ወደ ቆሙ ሁለት የእንግሊዝ መርከቦች ለመቅረብ ቢሞክር መርከቦቹ ሸራቸውን ዘርግተው ሄዱ። በእጅ ጉልበት የምትገፋ ጀልባ በነፋስ የሚሄድን መርከብ ተከትላ አትደርስም። መርከቢቱ ውሃ ታስገባ ስለጀመረች ፉልተን በ1801 መገባደጃ ራሱ ፈታትቶ ብረታ ብረቷን ሸጠ። ቦናፓርት መርከቢቱን ለማየት ሲጠይቅ የሚታይ ነገር አልቀረም። የፈረንሳይ መንግሥትም ከዚህ በኋላ ጆሮውን ነሣው።

ወደ ትናንቱ ጠላት

አሁን የምንተርከው የፉልተን ሕይወት ክፍል ስሙን ከሚያነሡ ሰዎች ብዙዎችን ያከራክራል። በ1804 የእንግሊዝ መንግሥት ባቀረበለት ጥሪ ስሙን ለውጦ ወደ ሎንዶን ተሻገረ። ትናንት የእንግሊዝን መርከቦች ለማጥፋት የደከመ ሰው ዛሬ በወር 200 ፓውንድ እየተከፈለው የፈረንሳይን መርከቦች ለማጥፋት ውል ገባ። ለእርሱ ነገሩ ክህደት አልነበረም፤ መሣሪያው ለማንም ይሁን ለማን ከተፈተነ ጦር መርከቦች ሁሉ ከንቱ መሆናቸው ይታወቃል ብሎ ያምን ነበር። እንግሊዞች ግን ሰርጓጅ መርከቡን አልፈለጉትም። የፈለጉት ተንሳፋፊ ፈንጂውን ብቻ ነበር። በኦክቶበር 1804 በቡሎኝ ወደብ በፈረንሳይ ጀልባዎች ላይ የተላከው ፈንጂ ያደረሰው ጉዳት ጥቂት ነው።

በኦክቶበር 15 ቀን 1805 በዎልመር የባሕር ዳርቻ፣ ብዙ መኮንኖች ቆመው እያዩ፣ ዶሮቴያ የተባለች 200 ቶን የምትመዝን አሮጌ መርከብ ለሙከራ ቀረበች። ከተመልካቾቹ አንዱ መኮንን፣ እኔ በመርከብ ክፍሌ እራት ላይ ሳለሁ ይህ ፈንጂ ከሥሬ ቢቀመጥ አልሠጋም ሲል የተናገረ ሰው ነበር። 180 ፓውንድ ወይም 80 ኪሎ ያህል ባሩድ የያዘው ፈንጂ ሰዓቱ በ18 ደቂቃ ተሞልቶ ከመርከቢቱ ሥር ገባ። ጊዜው ሲደርስ ዶሮቴያ ወደ 2 ሜትር ያህል ከውሃው ተነሥታ ወገቧ ለሁለት ተሰበረ፤ በ20 ሴኮንድ ውስጥም ከስብርባሪ በቀር የሚታይ ነገር አልቀረም። የመኮንኑ ድፍረትም አብሮ ሰመጠ።

ከዚህ በኋላ 6 ቀን ብቻ ቆይቶ፣ በኦክቶበር 21 ቀን፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በትራፋልጋር የፈረንሳይንና የስፔንን መርከቦች ድል ነሣ። ባሕሩ በእጇ የገባላት እንግሊዝ የፉልተን ፈንጂ አላስፈለጋትም። እንዲያውም አንጋፋው አድሚራል ሴንት ቪንሰንት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒትን ነቅፎ ነበር። ነቀፌታውም ባሕርን በእጁ የያዘ መንግሥት ይህን ይዞታውን የሚያሳጣውን የውጊያ ስልት በገዛ ገንዘቡ ማሳደጉ ሞኝነት ነው የሚል ነበር። አድሚራሉ የመሣሪያውን ኃይል ከወዳጆቹ ይልቅ አጥርቶ አይቶት ነበር ማለት ይቻላል።

በሎንዶን የቀሩት ሥዕሎች

1806 ለሥዕል ታሪክ የሚታወስ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ስመ ጥሩው ሠዓሊ ተርነር የትራፋልጋርን ጦርነት ሥሎ በሎንዶን በራሱ ማሳያ ቤት አቀረበ። በሥዕሉ የሚታየው የተቀደደ ሸራ፣ የምሰሶ ደን፣ የመድፍ ጭስ ነው። በዚያው ዓመትና በዚያው ከተማ ፉልተን ደግሞ ማንም ያላየውን የባሕር ጦርነት በወረቀት ላይ ያሰፍር ነበር። አዲስ ያሰባት ሰርጓጅ መርከብ 11 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ 6 መርከበኞችን ከ20 ቀን ስንቅ ጋር የምትይዝ ነበረች። ፉልተን መርከቢቱን እንደ ተከፈለ ፍሬ ጎኗን ከፍቶ ሣላት፤ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ ውሃው የት እንደሚገባ፣ ፈንጂው የት እንደሚሰቀል በግልጽ ይታያል። ከሥዕሎቹ በአንዱ በጉልላት ውስጥ ቆሞ በመመልከቻ ቱቦ ወደ ላይ የሚያይ ሰው አለ። ይህ ሰው ራሱ ፉልተን ነው ይባላል።

መምህሩ ቤንጃሚን ዌስትም በዚያው ዓመት የፉልተንን መልክ በዘይት ቀለም ሣለ። ፉልተን ረጋ ብሎ ተቀምጧል፤ ከበስተኋላው ባሕር ላይ ግን አንድ መርከብ በፈንጂ ሲፈነዳ ይታያል። መምህሩ የሣለው ዓይን ሊያየው የሚችለውን የመሣሪያውን ውጤት ነው። ከውሃ በታች ያለውን መሣሪያ የሣለው ግን ተማሪው ነው። የሁለቱን ሠዓሊዎች ልዩነት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ፉልተን ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት፣ በባሕር ላይ አደጋ ቢያገኘኝ ሥራዬ አብሮኝ እንዳይጠፋ ብሎ ሥዕሎቹንና ገለጻውን በሎንዶን በአሜሪካ ቆንሲል እጅ አደራ አኖረ። እርሱ በደኅና አገሩ ገባ፤ ወረቀቶቹ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተረስተው ቆዩ። በ1922 ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በመጽሐፍ ሲያሳትማቸው ዓለም የፉልተንን ሐሳብ በሙሉ አየ።

አሜሪካና የመጨረሻው ዘመን

ፉልተን በአሜሪካ ያገኘው ዝና ከእንፋሎት መርከቡ የመጣ ነው። በኦገስት 1807 የእንፋሎት መርከቡ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን የኦልበኒን ከተማ በ32 ሰዓት ደረሰ። የሰው ልጅ ከዚያ ወዲህ በውሃ ላይ ለመጓዝ ነፋስን የሚለምንበት ዘመን እያበቃ ሄደ። በ1808 ትዳር መሥርቶ አራት ልጆች ወለደ። ሰርጓጁንና ፈንጂውን ግን አልተወም። በ1810 ስለ ቶርፔዶ ጦርነት መጽሐፍ ሲያሳትም የዶሮቴያን መሰበር የሚያሳይ ሥዕል በውስጡ አወጣ። ቶርፔዶ ይባል የነበረው በዚያ ዘመን የዛሬው ተወርዋሪ መሣሪያ ሳይሆን የባሕር ፈንጂ እንደነበረ ልብ ይሏል። የአሜሪካ ምክር ቤት ለሙከራ 5,000 ዶላር ሰጠው። ዳሩ ግን ኮሞዶር ሮጀርስ የተባለው የባሕር ኃይል አዛዥ ለሙከራው የተመደበውን መርከብ በመረብና በግንድ ዙሪያውን ስላጠረበት የፉልተን ጀልባዎች ሊጠጉት አልቻሉም። አዲስ መሣሪያ በወጣ ቁጥር አዲስ መከላከያ ተከትሎት እንደሚወጣ ፉልተን በገዛ ዓይኑ አየ።

በ1812 አሜሪካና እንግሊዝ እንደገና ሲዋጉ የኒው ዮርክን ወደብ የሚጠብቅ የእንፋሎት ጦር መርከብ ነደፈ። መርከቡ በኦክቶበር 1814 ወደ ውሃ ወረደ፤ በዓለም የመጀመሪያው በእንፋሎት የሚሄድ የጦር መርከብ እርሱ ነው። ፉልተን ግን ሥራውን እስከ ፍጻሜው አላየም። በ1815 መጀመሪያ ላይ ከፍርድ ክርክር ሲመለስ በረዶ በጋገረው የሃድሰን ወንዝ ላይ አብሮት ይሄድ የነበረው ወዳጁና ጠበቃው በረዶው ተሰብሮ ውሃ ውስጥ ወደቀ። ፉልተን እርሱን ለማውጣት ሲታገል ብርድ መታው። ሳይድን የመርከቡን ሥራ ለማየት በመውጣቱ ሕመሙ ጸናበት። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1815፣ በ49 ዓመቱ፣ በኒው ዮርክ ከተማ ሞተ። በዚያው ከተማ በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ።

ያሰበውና የሆነው

የፉልተን ሐሳብ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ከንቱ ሆኖ ተገኝቷል። ሰርጓጅ መርከብ ይቻላል ያለው እውነት ነበር። ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቨርን በ1870 ባሳተመው ልብ ወለድ ለጀግናው መርከብ የፉልተንን ናውቲለስ ስም ሰጠው፤ የመጽሐፉ ሠዓሊዎችም የባሕርን ውስጥ ለዓለም ሕፃናት ሁሉ ሣሉ። አሜሪካም በ1954 በአቶም ኃይል የሚሄደውን የመጀመሪያውን ሰርጓጅ መርከብ በዚሁ ስም ጠራች።

አስፈሪ መሣሪያ ጦርነትን ያስቀራል፣ ባሕርንም ነፃ ያወጣል ያለው ግን አልሆነም። እርሱ ከሞተ 100 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በሜይ 1915፣ አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ሉሲታኒያ የተባለውን የመንገደኞች መርከብ መትቶ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎችን አጠፋ። ከሟቾቹ መካከል ሴቶችና ሕፃናት ነበሩባቸው። በዚያ ጦርነት ቪሊ ስቶቨርን የመሳሰሉ የጀርመን ሠዓሊዎች ሰርጓጅ መርከቦችን እንደ ድል አድራጊ ጀግና እያደረጉ ሥለዋል። የሥዕሉ ዓይነት ተለወጠ እንጂ ባሕሩ ነፃ አልወጣም። መሣሪያ በራሱ ፍርድ የለውም፤ ፍርዱ ያለው በሚያዝዘው ሰው ኅሊና ውስጥ ነው። ፉልተን መሣሪያውን ለሁለት ተፋላሚ መንግሥታት ሲያቀርብ ይህን አላመዛዘነም።

ይህም ሆኖ የፉልተን ውለታ አይካድም። ናውቲለስ ፈርሳ ብረታ ብረቷ ተሸጧል፤ የእንፋሎት ጦር መርከቡም በ1829 በፍንዳታ ጠፍቷል። የቀረው ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ በመመልከቻ ቱቦው ሥር የቆመው ሰው፣ ሌላው ሁሉ ባሕሩን ከላይ ሲያይ እርሱ ከታች ወደ ላይ እያየ እንደ ቆመ ነው።